ዘጠኝ ቁጥር ጥይት

በእኛ አቆጣጠር 1990 ዓ.ም. መኸር ላይ ነበር። እዚህ አገር ዛፉ ሁሉ ቀይና ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፤ እኛ ቤት የጽጌ ጾም ተይዟል። ይህን እንድጽፍ ያነሳሳችኝ ግን ያለፈችው ሳምንት ናት። ኤግሊንተን ዌስት ላይ፣ ለስንት ዓመት ሲቆፈርና ሲታጠር የኖረው መንገድ ዳር ከባስ ስወርድ እትዬ አስካለን አገኘኋቸው። ከዘራ ይዘዋል። ዓይናቸው ስለ ደከመ የለዩኝ በድምፄ ነው። ተሳሳምን። ገና ደኅንነቴን ጠይቀው ሳይጨርሱ ቀኝ ትከሻዬን በካፖርቴ ላይ በሁለት ጣታቸው ጫን አደረጉት።

"አሁንም?" አሉኝ።

"አሁንም፣ እትዬ።"

"አይ የሺ! ይቅር ይበልሽ" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ያን ዓመት ግን አንዳችንም አልሳቅንም።

እሳቸውን ባስ ላይ አሳፍሬ ስመለስ መንገዱን በእግሬ ሄድኩት። ያኔ ኤግሊንተን ዌስት ሌላ ነበር። ከካሴት ሱቆቹ የሚወጣው የሬጌ ወፍራም ድምፅ የእግረኛ መንገዱን ድንጋይ ያንቀጠቅጠዋል፤ ፀጉር ቤቶቹ በራቸውን ከፍተው ሰው እየተላጨ ከውጪ ካለው ጋር ይከራከራል፤ ሥጋ የተሞላበት የትኩስ ፓቲ ሽታ ጾመኛን ይፈትናል። እኔ ከሁለተኛ እጅ ሱቅ የገዛሁትን ቡናማ ካፖርት እለብስ ነበር፤ ቁልፎቹ አንዱ ካንዱ አይመሳሰሉም። ዛሬ ልጄ የምትገዛልኝ ካፖርት እንደ ላባ ይቀላል፤ ያኛው ሲለብሱት ቤት የተሸከሙ ያህል ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልበረደኝም። ከካሴት ሱቁ አለፍ ብሎ አንድ የቆየ ሱቅ ነበር። ፊት ለፊት ሚስማርና ቀለም፣ መሀል ላይ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ፣ ከኋላ ግድግዳው ላይ ደግሞ ለአዳኞች የሚሆን ጥይት ይሸጣል። ያን ጊዜ ጥይት ለመግዛት እንደ ዛሬው ፈቃድ አይጠየቅም ነበር፤ ዕድሜን የሚያሳይ መታወቂያ ይበቃል። ሱቁ ዛሬ የለም። በሩ የነበረበት ቦታ ላይ ስልክ ይጠገናል።

የምንኖረው ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባለው ሰፈር አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ እኔ፣ ባለቤቴ በላቸውና ልጃችን ሩት። ሩት ሰባት ዓመቷ ነበር። በላቸው ታክሲ ይነዳል። እኔ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት እሠራለሁ፤ አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ አልጋ አነጥፋለሁ። ሊፍቱ የአሥር አገር ወጥ ይሸታል። ጠዋት ወደ ባቡሩ የሚወስደው ባስ ጢም ብሎ ስለሚመጣ ሁለቱን አሳልፎ ሦስተኛው ላይ መግባት የተለመደ ነው። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለው የብረት በር ደግሞ መዝጊያው ተበላሽቶ ማንም ይግባ ማንም ይውጣ በኃይል ይጋጫል። ሕንፃው ሁሉ ይሰማዋል። ለሌላው ሰው በር ነው።

እኔ ተኩስ እፈራ ነበር። አገር ቤት ያ የተኩስ ዘመን የደረሰበት ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል፤ ያልደረሰበት ባያውቀው ይሻለዋል። እናቴ ልጆቿን ሁሉ አልጋ ሥር አስገብታ በላያችን የምትተኛበት ጊዜ ነበር፤ ይህን ካልኩ ይበቃል። እዚህ አገር ከመጣን በኋላ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ለንግሥቲቱ በዓል ርችት ሲተኮስ እኔ የምግብ ጠረጴዛው ሥር እገባለሁ። በላቸው መጋረጃውን ይዘጋና ራዲዮኑን ከፍ ያደርገዋል። ከዚያ መኸር በፊት ባለው ግንቦት ግን ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ ዞር ስል ሩት አጠገቤ ነበረች። ጆሮዋን ይዛ፣ ጉልበቷን ወደ ደረቷ ሰብስባ፣ ልክ እንደኔ። "ሩቲዬ፣ ርችት እኮ ነው፤ ውጪና እዪ" አልኳት። "አንቺስ ለምን አትወጪም?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የኮሪደሩ በር በተጋጨ ቁጥር የምትገባበት ታጣለች። ክፍል ውስጥ ፊኛ ፈንድቶ ዴስክ ሥር ገባች ብላ አስተማሪዋ ኮል አደረገችልኝ። ልጄ የጥይት ድምፅ ሰምታ አታውቅም። ፍርሃቱን የወሰደችው ከእኔ ነው። የማወርሳት ብዙ ነገር አልነበረኝም፤ ይህን ግን አላወርሳትም አልኩ።

መጦሪያ ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ሚስ ፐርል የምትባል ጃማይካዊት ነበረች። ሰውነቷ ሰፊ፣ አካሄዷ ቀጥ ያለ፣ እሑድ ያለ ባርኔጣ ቤተ ክርስቲያን የማትገባ፣ እንደኔው እግዚአብሔርን የምትፈራ ሴት ናት። ባሏ ከመሞቱ በፊት ስኪት የሚባል የተኩስ ጨዋታ አስተምሯት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው በስተሰሜን ወዳለ ሜዳ ትሄዳለች። ጨዋታው እንዲህ ነው፤ በግራና በቀኝ ሁለት ትንንሽ ቤቶች ቆመዋል፤ ከውስጣቸው የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ብርቱካንማ የሸክላ ሳህን ተስፈንጥሮ ይወጣል። ተኳሹ ሲዘጋጅ "ፑል" ብሎ ይጠራል፤ ሳህኑ ሳይወድቅ አየር ላይ ይመታዋል። የሚሞት ነገር የለም። የሚደማ ነገር የለም። ድምፁ ግን እውነተኛ ነው።

"ይጮሃል?" ብዬ ጠየቅኋት አንድ ቀን።

"ሙታን ይቀሰቅሳል።"

"ውሰጂኝ።"

ሚስ ፐርል የድንች መላጫዋን አስቀምጣ አየችኝ። "አንቺ? ትሪ ሲወድቅ ጣራ የምትነኪው አንቺ?"

"እኔ።"

ለበላቸው ነገርኩት። "ጠመንጃ?" አለ። "ጠመንጃ" አልኩት። ግድግዳው ላይ ያለችውን የእመቤታችንን ሥዕል አየ፤ መልሶ እኔን አየ። "እንግዲህ ለሰው እንዳትነግሪ" አለኝ። "አንተም እንዳትናገር" አልኩት። በዚህ ተስማማን። መጀመሪያ ላይ የሚስ ፐርል መኪና ውስጥ መስኮት ዘግቼ እጆቼን ጉልበቶቼ መሀል ቀብሬ እቀመጥ ነበር። ቀጥሎ መስኮቱን ከፈትኩ። ቀጥሎ ወጥቼ ከተኳሾቹ ኋላ ቆምኩ፤ "እግዚኦ መሐረነ" እያልኩ። የዚህ አገር በጋ ሳያልቅ የሜዳውን ጠመንጃ ተውሼ ሰደፉን ትከሻዬ ላይ አሳረፍኩ። ድምፁ ከኋላዬ ሳይሆን ከእጄ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። ያን ቀን አልቅሻለሁ። ግን ቆሜ ነው ያለቀስኩት።

እስከ መኸር ድረስ የምተኩሰው በሚስ ፐርል ጥይት ነበር። ሁልጊዜ የሰው ነገር መጠቀም ደግሞ አልወድም። ስለዚህ ጥቅምት ሲገባ የራሴን ልገዛ ወደ ኤግሊንተኑ ሱቅ ሄድኩ። እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልናገር። የዚህ ጠመንጃ ጥይት አንድ ድፍን እርሳስ አይደለም፤ ውስጡ እንደ እህል ብዙ ፍሬ ነው። የፍሬው ውፍረት በቁጥር ይጠራል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ፍሬው እየደቀቀ ይሄዳል። የሜዳው ሕግ ከሰባት ተኩል ቁጥር የወፈረ ፍሬ አያስተኩስም፤ የወፈረው ርቆ ስለሚሄድ ሰው ላይ እንዳይደርስ ነው። ይህን አውቃለሁ። መደርደሪያው ላይ ያሉት ሳጥኖች ሥዕል አለባቸው፤ ዳክዬ፣ ዝይ፣ ረጅም ጭራ ያለው የጫካ ወፍ። እኔ ሰባት ተኩል የሚሉትን ብቻ እያነሳሁ በእጄ መዘንኳቸው፤ ሽንኩርት ስገዛ፣ ሳሙና ስገዛ እንደማደርገው። አንደኛው ከሌላው በጣም ይከብዳል። ዋጋቸው ያው ነው። እናት የሆነች ሴት በአንድ ዋጋ ቀላሉን ትታ ከባዱን ብታነሳ ማን ይፈርድባታል? ባለ ወፉን፣ ከባዱን ይዤ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

ያን ቅዳሜ ጠመንጃው እንደ በቅሎ ረገጠኝ። ሳህኖቹ ሳይሰበሩ እያለፉ ሣሩ ላይ ያርፋሉ። ለካ ምላጩን ከመሳቤ በፊት ዓይኔን እየጨፈንኩ፣ ትከሻዬን እያሸሸሁ ነበር። ግን አላቆምኩም። መከራ ሲኖረው ነው የሚያድነው ብዬ እስከ መጨረሻዋ ተኮስኩ። ሚስ ፐርል ተራዋን ተኩሳ ስትመለስ አንዱን ቀለህ ከመሬት አንስታ አየችው።

"አንቺ ሴትዮ፣ ምንድነው ያጎረስሽበት? ዝሆን ነው የመጣብሽ?"

"ሰባት ተኩል ነው። ሕጉን ጠብቄአለሁ።"

"ሕጉን ጠብቀሽ ራስሽን ገደልሽ!" ቢላዋዋን አወጣች። የመኪናዋ ኮፈን ላይ ነጭ ሶፍት ዘረጋችና አንድ የእኔን ጥይት፣ አንድ የራሷን ቀድዳ ፍሬያቸውን አፈሰሰችው። የእኔ ወፈር ያለ ነው። የእሷ ዘጠኝ ቁጥር ሰናፍጭ ያክላል። "ሳህኑ ቅርብ ነው፣ ስስ ነው" አለችኝ። "ሊሰበር ትንሽ ነገር ይበቃዋል። የሚፈልገው ኃይል አይደለም፣ ብዛት ነው። እነዚህ ደቃቆቹ አየር ላይ እንደ መረብ ይዘረጋሉ። ያንቺ ደግሞ ወፍራም ብቻ ሳይሆን ብዙ ባሩድ፣ ብዙ እርሳስ የታጨቀበት ነው፤ ሩቅ ለሚበር ወፍ የተሠራ። ዘጠኝ ቁጥር፣ ቀላሉን በይ። ሌላ ነገር ይዘሽ እንዳትመጪ።" ፍሬዎቹን ከነሶፍቱ ጠቅልዬ ካፖርቴ ኪስ ከተትኩ። ሱቅ ስገባ ዓይኔ እንዳይሳሳት ብዬ ነው።

በማግስቱ እሑድ ማኅሌተ ጽጌ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን የተከራየነው አዳራሽ ምድር ቤት ነው፤ ሰው በዝቶ ይሞቃል። ሩት እንቅልፍ ወስዷት ላነሳት ጎንበስ ስል ነጠላዬ ተንሸራተተ፤ የቀሚሴ አንገት ሰፊ ነበር። ቀና ስል እትዬ አስካለ አጠገቤ ናቸው። ዓይናቸው ትከሻዬ ላይ ነው። ትከሻዬ የደረሰ ፕሪም መስሏል።

"የሺ! ይሄ ምንድነው?"

"ምንም አይደለም፣ እትዬ።"

"ማነው?"

"ማንም አይደለም።"

ከበላቸው ጋር ቃል አለን፤ ሌላ ምን ልበል? እትዬ አስካለ ነጠላዬን በገዛ እጃቸው መልሰው ሸፈኑልኝና ከንፈራቸውን መጠጡ። ትከሻዋ ጠቁሮ "ምንም አይደለም" የምትል ሚስት ስታጋጥም የእኛ ሰው ምን እንደሚያስብ ግልጽ ነው። እኔ ግን ያን ሰዓት ሐሳቤ ዘጠኝ ቁጥር ላይ ነበርና አላስተዋልኩም።

ሳምንቱን ሙሉ ከሺፍት በኋላ ዘጠኝ ቁጥር ፈለግሁ። ዳውንታውን ያለው ሱቅ "የዳክዬ ወቅት ነው፤ ለዘጠኝ ቁጥር በጸደይ ተመለሺ" አለኝ። ሌላው ስምንት ቁጥር አሳየኝ፤ አንስቼ መዘንኩት፤ ከበደኝ፤ መለስኩት። ሌላው "ባልሽን ላኪው" አለኝ። ከዚያ ሱቅ ሰላምታም ሳልሰጥ ወጣሁ። ዓርብ አመሻሽ ላይ ወደ ኤግሊንተኑ ሱቅ ተመለስኩ። ባለቤቱ መነጽሩን በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሽማግሌ ጣሊያን ነው፤ ባለፈው አልነበረም።

"ዘጠኝ ቁጥር፣ ቀላሉን" አልኩት።

"በዚህ ወቅት? ለባለቤትሽ ንገሪው፣ ስድስት ቁጥር ይሻለዋል። በዘጠኝ የሚወድቅ ወፍ የለም።"

"ባለቤቴ አይተኩስም።"

"ታዲያ ለማን ነው?"

"ለእኔ። ወፍም አይደለም፤ ሳህን ነው።"

መነጽሩን አደረገ። ነጠላዬን አየ፣ አንገቴ ላይ ያለውን ማዕተብ አየ፣ ያንን ካፖርት አየ። "ማዶና!" ብሎ ሳቀና ወደ ጓዳ ገባ። የመሰላል መጎተት ሰማሁ። ከበጋ የተረፉ ሁለት ሳጥኖች ይዞ መጣ፤ አንደኛው ጥጉ እርጥበት ነክቶታል። እፍ ብሎ አቧራውን አራገፈልኝ። አነሳኋቸው። እንደ ዳቦ ይቀላሉ። ቦርሳዬ ውስጥ ከጎመኑ ሥር አስቀምጬ ባሱን ያዝኩ። መንገዱን ሁሉ ቦርሳውን ታቅፌ ነበር።

ቤት ስገባ ሳሎኑ ሞልቷል። የንስሐ አባቴ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ አስካለ አጠገባቸው ናቸው። የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሽ መኮንን ኮታቸውን እንደለበሱ ቆመዋል። በላቸው ትንሿ ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቷል። ጠረጴዛው ላይ ያቀረበላቸው ሻይ ቀዝቅዟል።

"እኛ የመጣነው" ይላሉ ጋሽ መኮንን፣ "ነገሩ ፖሊስ ጋ ሳይደርስ ሽማግሌ ይቅደም ብለን ነው። የሰው አገር ነው። ሚስቱን የሚመታ ወንድ እዚህ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለህ።"

"እኔ አልመታኋትም" አለ በላቸው።

"እና ትከሻዋ ራሱን በራሱ መታ?"

በላቸው መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን በር ላይ አየኝ፤ ጭንቅላቱን በጥቂቱ ነቀነቀ። አትናገሪ፣ እችለዋለሁ ማለቱ ነው። በሕይወቱ ዝንብ ያልመታ ሰው፣ በማኅበርተኛው ሁሉ ፊት ሚስት ደብዳቢ ተብሎ ሊኖር፣ ለእኔ ብሎ። ካፖርቴን ሳላወልቅ ሁለቱን ሳጥኖች ከጎመኑ ሥር አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ፣ ከሻዩ አጠገብ አስቀመጥኳቸው።

"የመታኝ ጠመንጃ ነው" አልኩ። "በላቸው አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ እተኩሳለሁ። የተሳሳተ ጥይት ገዝቼ ነው ትከሻዬ የጠቆረው። ትክክለኛው ይሄ ነው።"

ጋሽ መኮንን ጎንበስ ብለው ከሶፋው ሥር አዩ። "መሣሪያ ቤት ውስጥ አለ?"

"የለም። የሜዳው ነው፤ እዚያው ይቀራል።"

"ምን ትገድያለሽ?" አሉ እትዬ አስካለ።

"የሸክላ ሳህን።" ሶፍቱን ከኪሴ አውጥቼ ፍሬዎቹን የሻይ ስኒ ማስቀመጫ ላይ አፈሰስኩ። ወፍራሙንና ደቃቁን አሳየኋቸው፤ የቱ እንደሚረግጥ፣ የቱ እንደማይረግጥ ነገርኳቸው። የንስሐ አባቴ ከደቃቁ አንዷን በጣታቸው አንስተው መዳፋቸው ላይ አደረጉ። ብዙ አዩዋት። "ሰናፍጭ ታክላለች" አሉ።

"ይቅር ይበለን!" አሉ ጋሽ መኮንን። "ሴት፣ ያውም የልጅ እናት፣ ያውም የማርያም ማኅበርተኛ! አንተስ ዝም ብለህ ታያለህ?"

"አላይም፤ ሺፍት ላይ ነኝ" አለ በላቸው። ሳጥኖቹን ካወጣሁ ወዲህ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

እትዬ አስካለ አልሳቁም። "የሺ፣ የኅዳር ጽዮን ጽዋ ያንቺ ተራ ነው። በባሩድ እጅ ልትይዢው ነው?"

"እጄን እታጠባለሁ፣ እትዬ።"

"ወይ ጽዋው፣ ወይ ጠመንጃው። ማኅበሩን ወክዬ ነው የምልሽ።"

ይህን ቃል ቀላል አድርጎ የሚያይ ሰው እዚህ አገር ብቻውን አልወለደም ማለት ነው። ሩትን ስገላገል ገንፎ ያገነፉልኝ፣ ገላዬን ያጠቡኝ፣ አርባ ቀን ድረስ ተራ ገብተው አጠገቤ ያደሩት እነዚህ ሴቶች ናቸው። እናት የለኝ፣ እህት የለኝ፤ ያለችኝ በወር አንድ ጊዜ ከቤት ቤት የምትዞረው ያቺ ጽዋ ነበረች። የኅዳር ጽዮንን ለመደገስ ደግሞ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ ስመኝ ነው የከረምኩት። ወደ ንስሐ አባቴ ዞርኩ። አንድም ቀን እንቢ ብያቸው አላውቅም።

"ልጄ፣ ስለ እኔ ብለሽ ተዪው" አሉኝ በለሆሳስ።

ጎንበስ ብዬ መስቀላቸውን ተሳለምኩ። "አባቴ፣ ቀኖና ይስጡኝ፤ እቀበላለሁ። መተኮሱን ግን አልተውም።"

"ለምን?"

ልመልስላቸው አፌን ስከፍት የኮሪደሩ በር ተጋጨ። እንደ ሁልጊዜው ነው፤ ግድግዳው ነዘረ። የጋሽ መኮንን እጅ ዘለለና ሻዩ ኮታቸው ላይ ፈሰሰ። እትዬ አስካለ "ማርያም!" ብለው የንስሐ አባቴን ክንድ ያዙ። አባም ፍሬዋን ጥለዋታል። የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ፤ ሩት በካልሲ ሮጣ በሁላችን እግር መሀል አልፋ ጠረጴዛው ሥር ገባች። ጆሮዋን ያዘች። ከላይ የሻይ ስኒዎቹ ይንቀጠቀጣሉ። ማንም ማንንም አላየም።

"ለዚህ ነው" አልኩ። "እኛስ ሆነ። እሷ ከጠረጴዛ ሥር አታድግም።"

በላቸው ወርዶ ሩትን ከሥር አወጣት። ጋሽ መኮንን ኮታቸውን በመሐረብ ጠረጉ፤ ብዙ ጠረጉት። የንስሐ አባቴ ግን ተነሥተው መስቀላቸውን እንደያዙ ቀኖናዬን ነገሩኝ፤ ስግደት ነው፤ እስከ ጾመ ነቢያት መግቢያ ድረስ በየዕለቱ፤ ከሰኞ ጀምሮ።

"ከሰኞ?" አሉ ጋሽ መኮንን። "ለምን ከነገ አትጀምርም?"

"ነገ ቅዳሜ ነው" አሉ አባ። "ቅዳሜና እሑድ አይሰገድም።" ከዚያ እኔን አዩኝ። ዓይናቸውን በደንብ አይቼዋለሁ።

እትዬ አስካለ ሳይስሙኝ ወጡ። የኅዳር ጽዮን ጽዋ አለፈኝ፤ ለሌላ ሴት ተሰጠ። እኔ ከሁሉ በታች፣ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ከሌላ ሰው እጅ ጠጣሁ። አንድም ወር አልቀረሁም፤ ቅዳሜም አልቀረሁም። ውጪ እስካላሉኝ ድረስ አልወጣም፤ ውጪም አላሉኝም። ከዓመታት በኋላ በአንድ ኅዳር እትዬ አስካለ ራሳቸው ጽዋውን ተሸክመው መጥተው ፊቴ ቆሙ። "እጅሽን ታጥበሻል?" አሉኝ። "ታጥቤአለሁ፣ እትዬ።" ሰጡኝ። ስለዚህ ነገር ከዚያ ወዲያ ያወራነው ባለፈው ሳምንት ብቻ ነው፤ እሱም በሁለት ጣትና በአንድ ቃል። ሚስ ፐርል አርፋለች፤ ነፍስ ይማር። በላቸው ጡረታ ወጥቶ ቅዳሜ ሜዳው ድረስ እሱ ይወስደኛል፤ መኪና ውስጥ ራዲዮ ይሰማል። ዘጠኝ ቁጥር አሁንም መኸር ላይ ይጠፋል፤ እኔ ግን በበጋ ገዝቼ አስቀምጣለሁ። ሩት ዛሬ ርችት ሲተኮስ ልጆቿን በረንዳ ላይ ታወጣቸዋለች። እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚህ የበለጠ አልጠየቅሁትም።

ሽማግሌዎቹ በሄዱ ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጸሎቴን አድርሼ ሩትን ቀሰቀስኳት። ሁለት ሹራብ ደራርቤ አለበስኳት። ሚስ ፐርል ታች ሆና ጥሩምባ ነፋች። "ይህችስ?" አለች። "ትመጣለች" አልኳት። ሜዳው ላይ ውርጭ ነበር፤ ሣሩ እግራችን ሥር ይሰበራል። ለሩት ትልቁን የጆሮ መሸፈኛ አደረግሁላት፤ ሚስ ፐርል እጇን ይዛ ከኋላዬ ቆመች። እርጥበት ከነካው ሳጥን አንድ ዘጠኝ ቁጥር አውጥቼ አጎረስኩ። በስመ አብ ብዬ "ፑል" አልኩ። የመጀመሪያው ሳህን አለፈኝ፤ ጠመንጃው ግን አልረገጠኝም። እናቱን ቶሎ በይ እንደሚል ልጅ ገፋ አደረገኝ እንጂ። ሁለተኛውን ዓይኔን ሳልጨፍን ጠበቅሁት። ተኮስኩ። ሳህኑ አየር ላይ ብርቱካንማ ጢስ ሆነ።

ጢሱን አላየሁትም ማለት ይቻላል፤ ወዲያው ነው ወደ ኋላ የዞርኩት። ሩት መሸፈኛውን በሁለት እጇ ወደ ጆሮዋ ተጭናለች። አፏ ተከፍቷል። ጉልበቷ ግን አልታጠፈም። ቆማለች።

"ማሚ" አለችኝ፣ "ድገሚው።"

ሌላ ዘጠኝ ቁጥር አጎረስኩ።